«ጨጓራ አለብኝ ብዬ ዋሸኋቸው፣ እነሱ ገንፎ ይዘውልኝ መጡ»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ዓምድዎን እዚህ ኮሪያ ሆኜ ሁሌ ነው የማነበው፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ያለሁት ዴጆን የሚባል ከተማ ነው፣ በስኮላርሺፕ መጥቼ ፒኤችዲ እየሰራሁ ነው፣ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሻለሁ። ችግሬ ምግብ ነው። ሰው ሲሰማው እንደሚቀልበት አውቃለሁ፣ ወንድሜ እንኳን ስልክ ላይ «ልትማሪ ነው ልትበዪ የሄድሽው?» ብሎኛል።

እኔ ጾም አልገድፍም፣ አሳማ ደግሞ በፍስኩም አልበላም። የኛ ላብራቶሪ፣ ላብ ነው የምንለው፣ ግን አርብ አርብ ማታ አብሮ እራት የመብላት ልማድ አለው፣ ሆይሺክ ይሉታል፣ ፕሮፌሰሩ ናቸው የሚጋብዙት። ሁሌም ሳምግዮፕሳል ነው፣ የአሳማ ሆድ ሥጋ እዛው ጠረጴዛ ላይ እየጠበሱ መብላት። እኔ ሩዝና ሰላጣ እየነካካሁ እቀመጣለሁ። ኪምቺውን ግን እበላው ነበር፣ ጎመን ነው ብዬ። ከሰባት ወር በኋላ ነው ውስጡ የዓሣ መረቅና ጨው የበላ ሽሪምፕ እንደሚገባ የነገሩኝ። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ እኛ ቤት ግን አይበላም፣ ያን ቀን አለቀስኩ።

መጀመሪያ ሰሞን «ለምንድነው የማትበዪው?» ሲሉኝ ማስረዳቱ ስለከበደኝ የጨጓራ በሽታ አለብኝ አልኩ። አንዴ ያልኩት ነገር በዛው ተጣብቆ ቀረ። ባለፈው የዓቢይ ጾም ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ቀን ላብ ሳልገባ ብቀር አንዷ ሲኒየሬ፣ በጣም ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ዶርም ድረስ ገንፎ ይዛልኝ መጣች። የሩዝ ገንፎ፣ «ለጨጓራ ጥሩ ነው» ብላ። ዕቃው ላይ ያለውን በስልኬ ሳስተረጉመው ጆንቦክ የሚባል የባሕር ፍጥረት አለበት። ደፋሁት። እትዬ፣ ያን ገንፎ ስደፋ የተሰማኝን ልነግርዎ አልችልም።

ደስ ብሎኝ የምበላው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ሴኡል ውስጥ ያለው ኢቴዎን የሚባል ሰፈር ነው፣ እዛ ደርሼ ስመጣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው እሆናለሁ፣ ታኮ እበላለሁ፣ የአረብ፣ የሕንድ፣ አንዳንዴ የኛን እንጀራ፣ ግን ኬቲኤክስ በሚባለው ፈጣን ባቡር ደርሶ መልስ 47 ሺህ ዎን አካባቢ ነው፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀምሬያለሁ፣ ለእማዬ የምልከውን ከቆረጥኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሌላው አንዲት ሜክሲኳዊት ጓደኛዬ ቤት ነው፣ እኔ ዶርሜ ኩሽና የለውም፣ እሷ ከግቢ ውጪ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ቶርቲላ፣ የነሱን ቂጣ፣ በእጇ ትጋግራለች፣ ባቄላ ትፈጫለች፣ አቮካዶ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም። መጀመሪያ ቀን በእጄ ጠቅልዬ ስጎርስ እንባዬ መጣ። ግን አሁን ሁሌ እየሄድኩ እንዳስቸገርኳት ይሰማኛል፣ ምንም ባትለኝም።

ምን ላድርግ? ሁሉን ትቼ የተገኘውን ልብላ? ለላቦቹ እውነቱን ልንገራቸው ወይስ እንዲሁ ልቀጥል? አንዳንዴማ አቋርጬ ወደ ሀገሬ ልመለስ ሁሉ እላለሁ።

ከዴጆን

መልስ

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ ነው ያነበብኩት። እኔም ሴኡል አራት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ «ምግብ ነው ችግሬ» ስትይ ቀላል ነገር ነው ብዬ አላልፈውም። ወንድምሽ በክፋት አይደለም፣ ከሩቅ ሆኖ ያንቺን አርብ ማታ ስለማያየው ነው። በየሳምንቱ ሰው ተሰብስቦ ሲበላ አጠገቡ ተቀምጦ አለመብላት እኮ፣ እሱን ያየ ነው የሚያውቀው፣ ሆድ ብቻ አይደለም የሚርበው።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ስለ ኢቴዎን ስትጽፊ ምን ምን እንደበላሽ ዘረዘርሽልኝ፣ ስለ ጓደኛሽ ቤት ስትጽፊ ግን «በእጄ ጠቅልዬ ስጎርስ እንባዬ መጣ» ነው ያልሽው። እስቲ ራስሽን ጠይቂው፣ የናፈቀሽ ጣዕሙ ነው ወይስ ከሰው ጋር ቀርቦ በእጅ መብላቱ? መልሱን እኔ አላውቀውም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ግን ቅዳሜሽንና ገንዘብሽን የት ብታውዪው እንደሚሻል የሚወስነው እሱ ይመስለኛል። ኢቴዎን ላይ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ የበላሽው ታኮ ለሳምንት ከቆየልሽ ጥሩ፣ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና መሄድ ካስፈለገሽ ምናልባት ያልሞላው ሌላ ነገር ይሆናል።

የሜክሲኮ ምግብ አንቺን ለምን እንደነካሽ ይገባኛል። ቂጣው ነው ማንኪያው፣ ከሱ ጋር ፈጭ ያለ ባቄላ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንብላል፣ በእጅ ተቆርሶ ነው የሚበላው። ለጾመኛ ደግሞ የሚሆን ማዕድ ነው፣ በጥንቃቄ ከገዛሽው። ጥንቃቄ ያልኩት ባቄላውም የስንዴ ቶርቲላውም አንዳንዴ በአሳማ ስብ ስለሚሰራ ነው፣ በተለይ ተፈጭቶ ቆርቆሮ ውስጥ የሚመጣው ባቄላ፣ ሬስቶራንት ውስጥ ደግሞ ሩዙን በዶሮ መረቅ የሚቀቅሉ አሉ፣ ጠይቂ። ኮሪያ ውስጥ የታሸገ ነገር ላይ ከግብዓቶቹ ዝርዝር አጠገብ ለብቻው የተለየ ትንሽ ሳጥን አለ፣ አለርጂ የሚያመጡትን ለይቶ የሚጽፍ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሪምፕ፣ አሳማ፣ ዶሮ፣ በሬ ሁሉ እዛ ይወጣል። ፓፓጎ የሚባለውን የትርጉም መተግበሪያ ከፍተሽ ካሜራውን እሱ ላይ ብቻ ብታደርጊ ግማሹን ጣጣ ይገላግልሻል። ዓሣን ግን ሁሉንም ዓይነት አይጽፍም፣ ማኬሬል ካልሆነ እዛ ሳጥን ላይ ላታገኚው ትችያለሽ፣ ስለዚህ ኪምቺና ሾርባ ከሆነ ዋናውንም ዝርዝር አስተርጉሚው፣ ጆትካልና ሚዮልቺ የሚሉትን ቃላት ያዣቸው፣ አንዱ ጨው የበላ የባሕር ነገር ነው፣ ሌላው ሾርባ ሁሉ ውስጥ የሚገባው ትንሿ ዓሣ።

ዕቃ ስትገዢ ሦስት ነገር እንዳያታልልሽ፣ እኔን አታሎኛል። አንደኛ ጥቁር ባቄላ። ኮሪያ ገበያ ላይ ጥቁር ሆኖ የምታዪው አብዛኛው ጥቁር አኩሪ አተር ነው፣ ቀቅለሽ ቀቅለሽ አይፈጭልሽም፣ ጣዕሙም ሌላ ነው፣ እሱን ትተሽ ጋንግናንግኮንግ የሚሉትን ውሰጂ፣ የኛው ቦሎቄ ነው፣ ርካሽም ነው የትም አለ። ሁለተኛ የበቆሎ ዱቄት። ሜክሲኮዎች በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው፣ ልጣጩን አጥበው ነው የሚፈጩት፣ ቂጣው ሳይሰባበር የሚያያዘው በሱ ነው። የኮሪያውን ተራ የበቆሎ ዱቄት አቡክተሽ ብትጋግሪው ይፈረካከሳል፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ዱቄቱ ሌላ ነው፣ ማሳ የሚባለውን ነው መፈለግ ያለብሽ፣ እሱን ደግሞ ጓደኛሽ ከየት እንደምታመጣው ታውቃለች። ሦስተኛ የድንብላል ቅጠል፣ ጎሱ ይሉታል፣ ብዙ ኮሪያዊ ሽታውን ስለማይወደው ተራ ሱቅ ላይ ላታገኚው ትችያለሽ፣ የቻይናና የቬትናም ሰዎች የሚገዙበት ሱቅ ግን ሁሌ አለ። ቃሪያ አያሳስብሽ፣ ቾንግያንግ የሚባለው የኮሪያ ቃሪያ ያቃጥላል፣ የኛን ሚጥሚጣ ባያክልም ልብ ያደርሳል። ላይም የሚባለው አረንጓዴ ሎሚ ትኩሱ ውድ ነው፣ በጠርሙስ የሚሸጠውን ግዢ።

ይሄ ሁሉ ሴኡል መሄድ አይፈልግም። ዴጆን ኮስትኮ የሚባል ትልቅ መደብር አለ፣ ቶርቲላና አቮካዶ በብዛት፣ አባልነት ይጠይቃል፣ ክፍያውም በሂዩንዳይ ካርድ ወይ በጥሬ ገንዘብ ነው፣ እንደኔ ጋሪ ሞልተሽ ሰልፍ ላይ ቆመሽ እንዳትመለሺ። አባል የሆነ ሰው ከላባችሁ አይጠፋም፣ አብረሽ ሂጂ። ኢማርት ትሬደርስ የሚባለው መደብር ደግሞ አባልነት አይጠይቅም። እዛው ዴጆን ዩሶንግ ሰፈር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዙሪያ ያሉት የሐላል ሱቆች ጋ ምስር፣ ሽምብራ፣ ኮረሪማ ባይሆን እንኳን ሄል፣ ከሙን፣ እርድ ይኖራል። ኩፓንግ በሚባለው የኦንላይን ሱቅ ላይ ቢዮንጋሪኮንግ ብለሽ ፈልጊ፣ ሽምብራ ነው፣ ቢዮንጋሪ ማለት ጫጩት ነው፣ አፍንጫዋን አይተው ነው መሰለኝ ስሙን ያወጡት፣ ጠዋት ደጅሽ ላይ ታገኚዋለሽ። ከዛ አጠገብሽ ያለ ባህላዊ ገበያ ውስጥ ገብተሽ ወፍጮ ቤት ፈልጊ፣ ባንጋትካን ይባላል፣ በርበሬ የሚፈጩ፣ ሰሊጥ ቆልተው ዘይት የሚያወጡ እናቶች ናቸው የሚሰሩበት። የቆላሻትን ሽምብራ ይዘሽ ሂጂና ጠይቂያቸው፣ እኔ እንደዛ ነበር ሽሮ የማስፈጨው፣ የዛ ቤት ሽታ ብቻውን መርካቶ ይወስድሻል። በርበሬውን ግን በኮሪያው ልተካ አትበዪ፣ የነሱ ጣፈጥ ይላል፣ ቀለም እንጂ ወጥ አይሆንም። እሱን እማዬ ትላክልሽ። ከውጭ ዕቃ ስታስመጪ ጉምሩክ የግል ቁጥር ይጠይቅሻል፣ በፒ ጀምሮ አሥራ ሁለት አሃዝ ያለው፣ የነዋሪነት ካርድሽን ይዘሽ ኦንላይን በነጻ ይወጣል፣ ካወጣሽው የውጭ ሱቆችም ላይ ማዘዝ ትችያለሽ። ቋንጣ ግን እንዳይልኩልሽ፣ ሥጋ አያስገቡም፣ ሌላውንም ከተጠራጠርሽ አሳውቂ።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርሽ፣ ምናልባት አታውቂው ይሆናል። በሙቀቱ ወራት የኮሪያ የሩዝ ዳቦ ቤቶች ጁንግፕዮን የሚባል ነገር ይሸጣሉ። የሩዝ ዱቄት በማኮሊ፣ በሩዝ ጠላቸው፣ አቡክተው፣ አስነስተው በእንፋሎት የሚያበስሉት ነው፣ ውስጡ ዓይን ዓይን አለው፣ ኮምጠጥ ይላል። እንጀራ አይደለም፣ ስኳርም አለው፣ ግን እኔ መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን መንገድ ላይ ቆሜ ነው የጨረስኩት።

ኢቴዎንን ተዪ አልልሽም። አራት ቅዳሜ ማለት ለባቡሩ ብቻ ወደ 190 ሺህ ዎን ነው፣ አንዱን አስቀርተሽ ሦስቱን ብትተዪ ከ140 ሺህ በላይ እጅሽ ላይ ይቀራል። የቀረችውን አንዷን ቅዳሜ ግን አክብሪያት፣ ብቻሽን አትሂጂ፣ ከተማውም ኢቴዎን ብቻ አይደለም። እዛው ኢቴዎን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ያለው መስጊድ ዙሪያ ያሉትን ሱቆች አይተሽ ቅመምሽን ከሸመትሽ በኋላ ዶንግዴሙን ጋ የኡዝቤኮቹ ሰፈር አለ፣ ትኩስ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ታያለሽ፣ እሁድ ከሆነ ሄህዋ ቤተክርስቲያኑ ደጅ ላይ ፊሊፒኖዎቹ ገበያ ይዘረጋሉ። ሰው ሁሉ የሀገሩን ምግብ ፍለጋ እንደዛ ተሰብስቦ ስታዪ ብቻሽን እንዳልሆንሽ ይገባሻል።

ስለ ጓደኛሽ። «ምንም ባትለኝም» ብለሻል፣ እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ፣ እሷስ ከማን ጋር ነው የምትበላው አንቺ ካልመጣሽ? ቶርቲላ በእጅ መጋገር ሥራ ነው እኮ፣ ለብቻው ሰው የሚለፋበት አይደለም፣ ምናልባት አንቺ ስትመጪ ነው እሷም የምትሰራው። ቢሆንም እንግዳ ሆኖ መቅረት ይከብዳል፣ ስለዚህ ማስቸገሩ ከሚሰማሽ ድርሻ ያዢ። በግልጽ «ቅዳሜን እናድርገው፣ አንድ ሳምንት አንቺ፣ አንድ ሳምንት እኔ፣ ወጪውን እኩል» በያት። ያንቺ ተራ ላይ ሽሮ ስሪላት፣ ቶርቲላው ላይ አድርጊው፣ ትስቂ ይሆናል ግን ይሄዳል፣ በጣም ነው የሚሄደው። ሊጥ ማስነሳትም ከፈለግሽ የሷ ቤት ወለል በብርዱ ወራት ከሥር ይሞቃል፣ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልለሽ ወለሉ ላይ ብታስቀምጪው በሁለት ቀን ያስነሳልሻል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፣ ወደ ገንፎው። የኔ እህት፣ ያን ዕለት የከፋሽ ስለ ጆንቦኩ አይመስለኝም። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ላልነበረ በሽታ እውነተኛ ደግነት ይዛ ስለመጣች ነው። ኮሪያ ውስጥ ለታመመ ሰው ገንፎ መውሰድ ትልቅ ነገር ነው፣ የጆንቦኩ ደግሞ ከገንፎዎቹ ሁሉ ውዱ ነው፣ መርጣ ነው የገዛችልሽ። እንዲሁ ልቀጥል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል፣ ትችያለሽ፣ ማንም አይደርስብሽም፣ ግን ሌላ ጊዜ ስታመሚ እንደገና ይዛ ትመጣለች፣ አንቺም እንደገና ትደፊያለሽ፣ ያን ደግሞ የምትችዪው አይመስለኝም።

ስለዚህ እኔ ብሆን ከሷ ነው የምጀምረው፣ ከፕሮፌሰሩ አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ ሰው ሁሉ ባለበትም አይደለም። ቡና ጋብዣት፣ የኛን ቡና ካለሽ ይዘሽ ሂጂ። «መጀመሪያ ስመጣ ቋንቋውም ፍርሃቱም ስለከበደኝ ጨጓራ አለብኝ አልኩ፣ በሽታ የለብኝም፣ በሃይማኖቴ የምጾምባቸው ቀኖች አሉ፣ ረቡዕና አርብ፣ ከፋሲካ በፊት ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልበላም፣ አሳማ ደግሞ መቼም አልበላም፣ ያመጣሽልኝን ገንፎ ልበላው አልቻልኩም፣ ግን መምጣትሽን አልረሳውም» በያት። ደፋሁት የሚለውን ቃል ማውጣት አለማውጣት ያንቺ ነው፣ እኔ ባትዪው እመርጣለሁ፣ አልበላሁትም ማለቱ እውነቱን ይነግራታል፣ ደፋሁት ማለቱ ግን ያንቺን ሸክም ወደሷ ማሻገር ይሆናል። ልትከፋ ትችላለች። ለሁለት ሦስት ቀን ዝም ብትልሽ አትደንግጪ፣ ዱሮም ዝምተኛ ናት ብለሽኝ የለ።

ፕሮፌሰሩን በኢሜይል ወይ ቢሮ ገብተሽ፣ አጭር አድርገሽ። ጾም የሚለውን ነገር ከባዶ ማስረዳት አይጠበቅብሽም፣ ኮሪያ ውስጥ የመነኮሳት ምግብ አለ፣ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የሌለው፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳን የማይገባበት፣ ኪምቺያቸውም ያለ ዓሣ ነው፣ «እንደ ቤተ መቅደስ ምግብ ነው» ካልሽ ወዲያው ይገባቸዋል። ከዛ ችግሩን ብቻ ሳይሆን መፍትሔውንም ይዘሽ ግቢ፣ «በወር አንዴ እንኳን የተራራ ቅጠላቅጠል በሩዝ፣ ቢቢምባፕ፣ የሚሰሩበት ቤት ብንሄድ ደስ ይለኛል፣ ወይም ሆይሺኩ ሐሙስ ቢሆን ይቀለኛል» በያቸው። ላይቀየር ይችላል። ባይቀየርም ሰው ሁሉ ለምን እንደማትበዪ አውቆ አለመብላትና እየዋሹ አለመብላት በጣም ይለያያል፣ ትከሻሽ ላይ ታዪዋለሽ። እናትሽ የላከችው ዳቦ ቆሎ ካለም ይዘሽ ግቢ፣ ጠረጴዛው ላይ ያንቺም ነገር ይኑር።

እዛ ሳምግዮፕሳል ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ሳታዪው አልቀረሽም። ሰላጣ ቅጠል ላይ ሩዝ፣ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት አድርገው ጠቅልለው በአንድ ጉርሻ ይበሉታል፣ ሳም ይሉታል፣ የሚዋደዱ ከሆኑ ደግሞ ጠቅልለው ሌላው ሰው አፍ ውስጥ ያደርጉታል። ጉርሻ ነው እኮ! እኔ መጀመሪያ ሳይ ሰውነቴን ወረረኝ። ልጅቷ እሺ ካለችሽ በኋላ ባለው አርብ፣ ሰላጣ ላይ ሩዝና ቃሪያ ጠቅልለሽ አጉርሺያት፣ ሥጋ አይኑርበት፣ ካንቺ እጅ ትብላ።

ሁለት ነገር ፈጠን ብዬ ልጨምር። ለእማዬ ደውዪና የገንዘቡን ነገር ራስሽ ንገሪያት፣ ምክንያቱን ሳታሳምሪ፣ እናት ልጇ እየተራበች እንደነበር በኋላ ስትሰማ ነው የሚከፋት። ሌላው ጤናሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩዝና በሰላጣ የኖረ ሰው ደሙን መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የውጭ ተማሪ ሁሉ ብሔራዊ የጤና መድን ውስጥ ነው፣ በየወሩ እየከፈልሽ ነው እኮ፣ ተጠቀሚበት፣ የደም ማነስና ቢ12 አሳዪ። የሚደክምሽ፣ ሁሉ ነገር ጨለማ የሚሆንብሽ ከዛም ሊሆን ይችላል፣ ግቢ ውስጥም በእንግሊዝኛ የሚያናግር አማካሪ ካለ ሂጂ።

አቋርጬ ልመለስ ወይ ላልሽው፣ መመለስ ነውር አይደለም፣ የሚያሳፍርም የለውም። ግን ይሄን ውሳኔ ባዶ ሆድሽን ከሆይሺክ ወደ ዶርም በምትሄጂበት አርብ ማታ አትወስኚው። ጓደኛሽ ቤት ሁለታችሁም የሰራችሁበት አራት ቅዳሜ ይለፍ፣ ለሲኒየርሽ ነግረሻት ይለፍ፣ የደሙ ውጤት ይምጣ፣ ከዛ በኋላም እግርሽ ወደ ቦሌ ካለ አብረን እናስበዋለን።

ለዚህ ቅዳሜ ሽምብራዋን ዛሬ ማታ እዘዢ፣ መቁላቱም ማስፈጨቱም ጊዜ ይፈልጋል። ከሲኒየርሽ ጋር ቡና ከጠጣችሁ በኋላ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።